ልጆቿን በአፏ የያዘች ቆሮሶ

ባለፈው ቅዳሜ ሚዛን ከተማ ገበያ አንዲት ወጣት ከሳፋዋ መዳፍ የሚያህል ቆሮሶ ዓሣ አንስታ፣ «እናቴ፣ ከራሴ ኩሬ ነው፣ አሁን የወጣ!» አለችኝ። ሁለት ገዛሁ። መንገዱን ሁሉ የድሮ ጎረቤታችንን እትዬ ማርታን እያሰብኩ ሄድኩ።

ማትሪክ የወደቅኩበት ዓመት ነበር። ቤት ቁጭ ብዬ ስቆዝም አባቴ አዘነልኝና ደህናውን የጎደሬ መሬቱን ለዓሣ ኩሬ ሰጠኝ። የዓሣ ጫጩቶቹን ከቴፒ በጀሪካን አመጣኋቸው፤ አየር እንዳያጥራቸው አይሱዙው ላይ እየተንገጫገጭኩ፣ ውሃውን በእጄ እየመታሁ።

አድገው መራባት ሲጀምሩ አባቴ አንዷ እናት ዓሣ ልጆቿን ከአፏ ስትለቅ፣ ደንግጣ መልሳ ወደ አፏ ስትሰበስባቸው አየ። ወሎ ከከብት ጋር ያደገ ሰው ነው።

«ጥጃ የያዘች ላም ትታረዳለች? ይራቡ፣ ማንም እንዳይነካቸው!»

እኔም ደስ አለኝ። መብዛት ማደግ መስሎኝ።

ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅን። ኩሬው በዓሣ ይፈላል፣ ከጣቴ የሚበልጥ ግን የለም። አንዱ ጎረቤታችን «በሻይ ማጥለያ ነው የምታጠምጂው?» እያለ ሳቀብኝ። አባቴ ግን አልሳቀም፤ «ክረምት ሳይገባ ውሃውን አፍስሼ ጎደሬዬን እተክላለሁ» አለ። ፈተናውን ወድቄ፣ ኩሬውም ከከሸፈ ዳግመኛ የሚያምነኝ አልመሰለኝም።

እትዬ ማርታ የቡና ችግኝ አፍልተው የሚሸጡ የቤንች ሴት፣ የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። መጥተው ኩሬውን ትክ ብለው አዩት።

«አንቺ ልጅ፣ ችግኝ መደብ ላይ ሲጠጋጋ ምን ይሆናል?»

«ይቀጥናል።»

«ታዲያስ! ምግቡ አንድ፣ አፉ ሺህ። ቀንሰሽ አሳሺያቸው እንጂ!»

«አባባ አይነኩም ይላል።»

«እሱን ለእኔ ተይው።» ወደ አባቴ ዞሩ። «አቶ ታደሰ፣ ለእናቲቱ አዝነው በረሃብ ሊጨርሷት ነው?»

አባቴ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ ራሱ ኩሬው ውስጥ ገባ። ቡና የምናሰጣበትን ወንፊት ሽቦ ይዘን አብዛኛውን አወጣን። እንዳሉ ጠብሰን፣ ሚጥሚጣ ነስንሰን፣ ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ከነአጥንታቸው ቆረጠምናቸው፤ የሳቀብኝ ጎረቤት ሳይቀር ጣቱን ላሰ።

የቀሩት ጥቂቶች ክረምቱ ሲወጣ መዳፍ አከሉ። የመጀመሪያውን አባቴ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ በአጥሩ ላይ አሻገረ።

«እትዬ ማርታ፣ ችግኝዎ አደገልዎ» አለ። በማግስቱ ከኩሬዬ ጎን ሁለተኛ ኩሬ መቆፈር ጀመረ።

ቅዳሜ ከገዛኋቸው ዓሦች አንዱን ለቤቴ ጠበስኩ። ሌላውን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ለእትዬ ማርታ ልጅ ወሰድኩላት። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ እኔ ግን ድርሻቸውን ሳላወጣ ዓሣ በልቼ አላውቅም።