የሽማግሌዎቹ ችግኝ

ትናንት ጠዋት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ... እጄን አወጣሁ። እኔ! በአራት ዓመት ትምህርት አንድ ቀን እንኳ ሳልጠራ ተነስቼ የማላውቀው ልጅ።

መምህራችን ዓርብ ዕለት የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር። «ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ አዳምጡ። አንዱን ነገር በሌላ መስለው ሲናገሩ ከሰማችሁ ጽፋችሁ አምጡ» ብለው።

እኔ ደግሞ ቀናኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አባቴና ጎረቤታችን አቶ ተክሌ በወሰን ከተጣሉ ሁለት ክረምት አልፏል፤ ሽማግሌ ሲመላለስ ብርቅ አይደለም። እናቴ ግን ፊቴን ሳታይ «ጓዳ ግቢ» አለችኝ። ገባሁ። ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከግድግዳው ወዲያ የሚባለውን ጻፍኩ።

እና ትናንት ቆሜ አነበብኩት። ከአልዩ አምባ በኩል የወጣው ጉም መስኮቱን ዘግቶት ክፍሉ ጨልሟል።

«ጮክ በይ እንጂ፣ ለዝንብ ነው የምታነቢው?» አለችኝ አጠገቤ የምትቀመጠው ዘነበች። ሳቁብኝ።

«ሽማግሌው፣ ወሰን ላይ እሾህ ከምናጥር ችግኝ እንትከል አሉ። አባቴ፣ ችግኟ ገና ለጋ ናት አለ። ሽማግሌው፣ ለጋ ሳለች ካልተነቀለች ሌላ ማሳ ላይ አትጸድቅም አሉ።»

መምህር ሰሌዳው ላይ በግራ በኩል «ችግኝ» ብለው ጻፉ። ፍቺው በቀኝ ነው የሚጻፈው።

«እሺ አስካለ፣ ችግኟ ምንድን ናት?»

«ዕርቅ ናት... ቶሎ ካልታረቁ አይሆንም ማለታቸው ነው።»

«ጎሽ!» አሉ። ጠመኔውን አንስተው «ዕ» ብለው ጀመሩ... ከዚያ እጃቸው ቆመ። ዞረው አዩኝ።

«ይህን ሲሉ ተቀምጠው ነበር?»

«ቆመው ነው። አባቴ አረፍ በሉ ቢላቸው፣ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ።»

«አቶ ተክሌስ? ድንጋይ ተሸክመው ደጅ ቆመው ነበር?»

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚመጣው። ይህን ማን አያውቅም? እኔም አውቃለሁ።

«የለም... እሳቸው አልመጡም።»

«ኋላስ ሽማግሌዎቹ?»

«ተቀመጡ። አባቴ ጠላ ቅጂላቸው አላት እናቴን።»

የሚስቅ ጠፋ። መምህር የጀመሩትን «ዕ» በመዳፋቸው ጠረጉ። በቦታው ግን ምንም አልጻፉም።

«አቶ ተክሌ ወንድ ልጅ አላቸው?» አለችኝ ዘነበች፣ በጆሮዬ።

«አንድ አለ። ያላገባ...»

ይህን ከገዛ አፌ ሰማሁት። ማንም ሳይለኝ ተቀመጥኩ።

መምህር መጥተው ደብተሬን ወሰዱ። አሥር ከአሥር ሰጡኝ። ሲመልሱልኝ ዓይናቸውን ከደብተሩ ላይ አላነሱም። እኔም የሰኔው ፈተና ስንት ሳምንት እንደቀረው በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ... ካለፍኩ ደብረ ብርሃን አክስቴ ጋ ሆኜ እንድማር ተነጋግረን ነበር።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ተቀምጦ ሞፈር ይጠርባል። እንደ ወትሮዬ አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ነበር። አላለፍኩም።

«አባባ... መቼ ነው?»

ማን እንደ ነገረኝ አልጠየቀም። መጥረቢያውንም አላቆመም።

«ለዳግማይ ትንሣኤ።»

አባቴ ውሃ ለመጠየቅ እንኳ ተረት የሚያስቀድም ሰው ነው... ይህን ግን እንዲሁ ነገረኝ።