የግራ እግር ጡረታ

ፊት ለፊት «አሰልጣኝ» ይሏታል፤ ዞር ስትል ግን «እትዬ ፍሬን» ናት። ቀኑን ሙሉ ከጎን ወንበር ተቀምጣ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» ስትል ስለምትውል ነው። የወጣላትን ስም ታውቀዋለች፤ አትቆጣበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፖሊሶችን መኪና ስታስተምር የኖረች ሴት፣ ቁጣዋን ለትልቅ ጉዳይ ነው የምታስቀምጠው።

በዚያ ሳምንት የማሰልጠኛው ግቢ ሙሽራ የገባበት ቤት መስሎ ነበር። አሥር አዳዲስ የቅኝት መኪኖች፣ የወንበራቸው ላስቲክ እንኳ ሳይገፈፍ፣ አጥሩን ተከትለው ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። ሁሉም አውቶማቲክ ናቸው። ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ፍሪሲዮን የሚባል ፔዳል የላቸውም፤ ያላቸው ነዳጅና ፍሬን ብቻ ነው፤ ሁለቱም የቀኝ እግር ሥራ። ግራ እግር እንደ እንግዳ አርፎ መቀመጥ ነው ያለበት።

ወጣቶቹ በአንድ ቀን ለመዱት። መልመድ ያቃተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ያን ጊዜ፣ በወጣትነቷ፣ እሷን መንዳት ያስተማሯት ሳጅን ነበሩ።

ሳጅኑ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ፀጉራቸው ሸብቷል፤ መሪ ሲይዙ ግን እጃቸው ዛሬም የአራስ ልጅ ራስ የሚደግፍ ይመስላል። በልሆሳስ እያንጎራጎሩ ጥሩ ይሄዱ ይሄዱና፣ ድንገት ግራ እግራቸው የሌለውን ፍሪሲዮን ፍለጋ ይነሣና ፍሬኑን ድም ያደርገዋል። መኪናዋ ቀጥ! ከኋላ የተሳፈረው ሁሉ ወደ ፊት ድፍት!

«ኧረ ሳጅን!» አለ አንዱ ወጣት ፖሊስ ግንባሩን እያሸ። «ከእርስዎ ጋር የተሳፈረ ሁሉ እኮ ሳይወድ በግዱ ሰገደ!»

«ስገድ! ለታላቅ መስገድ ነውር ነው እንዴ?» አሉ ሳጅኑ።

መኪናው በሳቅ ተሞላ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ዓይኗ ያ ግራ እግር ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አዛዡ ኮሪደር ላይ አስቆማት። «ፈተናው አርብ ነው። ያለፈ ይነዳል፤ የወደቀ ዕቃ ቤት ገብቶ ብርድ ልብስ ያጥፋል። ሽማግሌውን በተመለከተ ደግሞ... ያው፣ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ» አለና አንድ ዓይኑን ጨፈን አደረገላት።

ካልፈረመች፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ንፋስ እያሳደደ የኖረን ሰው በመደርደሪያዎች መሀል ልትቀብር ነው። ከፈረመች ደግሞ አንድ ቀን በረጠበ አስፋልት ላይ፣ በፍጥነት ሲበሩ፣ ያ ግራ እግር ይነሣል። ከኋላ የሰው ልጅ ተቀምጧል።

ሳጅኑ ይህ ሁሉ ገብቷቸው ኖሮ፣ ስትወጣ በሩ ላይ ጠበቋት።

«ስሚኝ ልጄ፤ በውለታ እንዳትፈርሚልኝ። በውለታ የተያዘ መሪ ገደል ነው የሚወስደው።»

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ልብስ ሰፊው ባሏ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ የአንዲት ተማሪ ቀሚስ ጠርዝ ይሰፋል። በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ናት ያለችው። እያንጎራጎረ ይረግጣል፤ ዜማው ከፍ ሲል እግሩ ከፍ፣ ዜማው ሲወርድ እግሩ ወረድ።

«ደህና ዋልክ?» አለችው።

ሊመልስላት ዜማውን ሲያቋርጥ እግሩም አብሮ ቆመ። በሩ ላይ እንደቆመች ዓይኗ እግሩ ላይ ቀረ።

«እስቲ ሳትዘፍን ስፋ።»

«ምን ሆነሻል ዛሬ?»

«ግድ የለህም፣ ዝም ብለህ ስፋ።»

ሰፋ። ስፌቱ እንደ ሰካራም መንገድ ተጣመመ። «ይኸው አስበላሸሽኝ! የኔ እግር እኮ ትእዛዝ የሚቀበለው ከጉሮሮዬ ነው» አለ እየሳቀ።

ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ተቀመጠች። መንዳት ስትማር ሃያ ዓመቷ ነበር። በማሰልጠኛው አሮጌ ፒክአፕ ውስጥ ሞተሩ እየጠፋባት ስታለቅስ፣ ሳጅኑ ሳይቆጧት ይህችን ግጥም አንጎራጎሩላት፦

እርገጫት በግራ፣ ልቀቂያት በእርጋታ፤
መኪናም እንደ ሰው ይገዛታል ዝግታ።

«በግራ» ሲሉ እግሯ ይወርዳል፤ «በእርጋታ» ሲሉ ይነሣል። ስንቱ ፖሊስ በዚያች ዜማ መንገድ ወጣ! ሳጅኑ ዛሬም በአዲሶቹ መኪኖች ውስጥ የሚያንጎራጉሩት ያችኑ ግጥም ነው። ያስቸገራቸው እግራቸው አልነበረም፤ ግጥማቸው ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ነገረቻቸው። አላመኑም፤ ግን አፋቸውን ዘግተው ነዱ። ባሰ! ለልምምድ ከተተከሉት የፕላስቲክ ኮኖች ሦስቱን ጨፈለቁ።

«ዝም ብዬ ልንዳ? አስከሬን የጫንኩ መሰለኝ እኮ!»

«እንግዲያው ሌላ ግጥም ያውጡ፣ ጋሼ። በግጥም የቀጠሩትን እግር በግጥም ያሰናብቱት።»

ሳጅኑ ሞተሩን አጠፉ። ጎንበስ ብለው ግራ እግራቸውን አዩት፤ አብሮ አደግ ጓደኛን ባቡር ጣቢያ እንደሚሸኝ ሰው ነው ያዩት። ጉልበታቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ በዝግታ፣

ግራ እግሬ ደክመሃል፣ በል ጡረታ ውጣ፤
ቀኝ ወንድምህ አለ ለሚመጣው ጣጣ።

አሉ። «ይሄ ዕድለኛ! ቀደመኝ እኮ!» ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን እርጥብ ነበር። ከዚያ እስከ ሥራ መውጫ ግቢውን ዞሩት። በመጀመሪያው ዙር እግራቸው ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ በሁለተኛው አንዴ ደንገጥ አለ፤ ከዚያ በኋላ ምንጣፉ ላይ ተኛ።

አርብ ካፊያ ነበር። አዛዡ ከጣራው ሥር ቆሞ ያያል፤ እሷ ከጎን ወንበር ተቀምጣለች። ያ ግንባሩን የተመታው ወጣት ከኋላ ተሳፍሮ የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ሙጭጭ ብሏል። ሳጅኑ እያንጎራጎሩ በኮኖቹ መሀል ተጠማዘዙ፤ አንዱንም አልነኩም። በረጠበው ቀጥታ መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምሩ ጠብቃ፣ ሳታስጠነቅቅ፣ «ፍሬን!» ብላ ጮኸች።

ቀኝ እግር ወረደ። ግራው አልተንቀሳቀሰም። መኪናዋ ሳትንሸራተት፣ በመስመሯ ላይ ቆመች።

ወጣቱ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ሳጅን፣ ዛሬ ስግደት የለም?»

«ዛሬ ቀና ብለህ ሂድ፣ ልጄ።»

የፈተናውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ፈረመች፤ እጇ አልከበዳትም። ሳጅኑ ግን ወረቀቱን አላዩም፤ ዓይናቸው ወደ እግሯ ወርዷል።

«ልጄ።»

«አቤት ጋሼ።»

«እዚያ ጋ ፍሬን አለ እንዴ?»

ጎንበስ ብላ አየች። ቀኝ እግሯ ባዶውን ምንጣፍ እስከ ጥጉ ረግጦታል፤ ከመጀመሪያው ኮን ጀምሮ አላነሣችውም ኖሯል።

«የለም» አለች እያፈረች።

«እንግዲያስ አንሺው» አሉና ነዳጁን በቀስታ ሰጡ። «እምቢ ካለሽ ንገሪኝ፤ ለእሱም ግጥም አናጣለትም።»