አማቴ ጉርሻ ዘርግተው፣ እኔ አፌን ዘግቼ

ባለፈው ቅዳሜ ደባርቅ አጠገብ ባለች አንዲት መንደር፣ የወደፊት አማቴ የዶሮ ወጥ ጉርሻ አፌ ድረስ አምጥተው «አፈር ስሆን!» ሲሉኝ... እኔ ጥርሴን ነክሼ አፌን ዘጋሁ።

አዎ፣ ዘጋሁ። ቆይ አትሳደቡኝ፣ ልንገራችሁ።

እኔ የአንጀት ሕመም አለብኝ። ስንዴና ገብስ፣ ወይም እነሱ የነኩት ነገር፣ ትንሽ እንኳ ከገባብኝ ሆዴ ተነፍቶ አልጋ ላይ ነኝ። ስለዚህ የትም ስሄድ ምግቤን በብረት ምሳ ዕቃ፣ ውሃዬን በኮዳ ይዤ ነው። ፕላስቲክም ስለማልወድ ነው... ጓደኞቼ «ወታደሯ» ይሉኛል።

እጮኛዬ አሸናፊ የት ተወለደ ብትሉኝ ደግሞ፣ ገብስ አገር! ዳቦው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ጠላው ገብስ። ሌላ አገር የተወለደ ወንድ የጠፋ ይመስል!

እናቱ እማማ ትርንጎ አይተው ካልወደዱኝ ሽማግሌ እንደማይላክ ነግሮኛል። አባቱ ቄስ ናቸው፣ የቤቱ ቃል ግን የእማማ ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ሚኒባስ ውስጥ ጸሎት ላይ ነበርኩ።

«ስለ ምግቡ ነግረሃቸዋል አይደል?»

«ነግሬያታለሁ ባክሽ! ገብስ አትበላም ብያታለሁ፣ አለቀ።»

አላለቀም! እማማ አገላብጠው ስመውኝ ሳይጨርሱ «ገብሳችንን አትወጂም አሉ... ግድ የለም፣ የከተማ ልጅ ነሽ፣ ጤፍ አስገዝቻለሁ» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው ያሉት፣ ግን ንቀት መስሏቸው እንደከፋቸው ገባኝ። አሸናፊን ገላመጥኩት። እሱ ጫማውን ያወልቃል።

ዶሮ ታርዶልኛል። መሶቡ ሲከፈት ነጭ ጤፍ ነው። እፎይ አልኩ። ገና እጄን ሳልዘረጋ እማማ ጉርሻቸውን ጠቅልለው መጡ።

«ጤፉ ከዳባት ገበያ ነው፣ አንድ ቅንጣት ገብስ የለበትም። እርሾው ብቻ የራሴ ነው... ከተዳርኩ ጀምሮ ያላቋረጥኩት የገብስ እርሾ! እሱ ነው እንዲህ ዓይናማ ያደረገው። በይ እንኪ፣ አፈር ስሆን!»

አፌ የተዘጋው ይሄኔ ነው።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ወጡ በጣታቸው መሃል ይንጠባጠባል።

«እጄን ተጸየፈችው?» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። ድምፃቸው ሲሰበር ሰማሁት... ያን ሰዓት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አሸናፊ ተነሳ። «እማ፣ ምን መሰለሽ፣ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ...»

ፕሮቲን! አሁን ይሄ ለእናት የሚነገር ነገር ነው? አላስጨረስኩትም።

«እማማ፣ ዛሬ ረቡዕ ቢሆንና የጾም ሽሮ ሠርቼ ቅቤ በነካ ማማሰያ ባማስልልዎት፣ ይበሉልኛል?»

«ምን ቆርጦኝ!»

«ትንሽ እኮ ናት። ማማሰያው ላይ የቀረች።»

«ትንሽም ብትሆን ቅቤ ቅቤ ነው! እንዴት ያለ...» አሉና መሃል ላይ ቆሙ። ጉርሻውን አዩት። እኔን አዩኝ። «እርሾው!»

«እርሾው ነው እማማ። እሱ ያሳምመኛል። እጅዎንማ ብስመው አልጠግበውም።»

ጉርሻውን ልጃቸው አፍ ውስጥ ጠቀጠቁት። «አንተ ደንቆሮ! እንደ ጾም ነው ብትለኝ መች ይጠፋኝ ነበር!»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ባትጠይቁኝ ይሻላል። እማማ ቤት ድሮም የጾምና የፍስክ ዕቃ አይገናኝም፣ አሁን ሦስተኛ ረድፍ ተጨመረ... የእኔ። ድስት በአመድ ተፈተገ። ድንች ለብቻው ተቀቀለ። ከወጡ ያልተነካው በታጠበ ጭልፋ ተጨለፈልኝ። አሸናፊ ሊያግዝ ሲጠጋ «እጅህን ታጠብ! እንጀራ ነክተሃል!» ተብሎ ተባረረ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ይሄኔ ቄሱ ከቤተ ክርስቲያን ገቡ። በር ላይ ጠላቸውን ግጥም አድርገው «የታለች ልጄ?» ብለው ግንባሬን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ...

«አባ! እንዳይነኳት! ጢምዎ ገብስ ነው!» ብለው እማማ ጮኹ።

ቄሱ ደንግጠው ጢማቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ነገሩ ሲነገራቸው መስቀላቸውን ከሩቅ ዘርግተው አሳለሙኝ። ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ጋቢ ውስጥ ተደበቅኩ።

በልተን እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ እማማ ቀስ ብለው ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ፣ ፍቺው መቼ ነው?»

«የምኑ እማማ?»

«የዚህ የጾምሽ ነዋ።»

«ፍቺ የለውም እማማ... ዕድሜ ልክ ነው።»

የጋቢያቸውን ጫፍ ዓይናቸው ላይ አደረጉት። «ዕድሜ ልክ... በዚህ በልጅነትሽ... እኔን ልጄን!»

እኔም አለቀስኩ። እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ «ቅብጠት ነው» ሲለኝ ነው የኖርኩት፣ ለሕመሜ ያለቀሰልኝ ሰው አላውቅም። ወደድኳቸው በቃ።

እማማ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ቄሱ ዞሩ። «አባ፣ በሉ ሽማግሌዎቹን ያናግሩልኝ። ለሰርጉ ደግሞ ገብስ እንዳይታሰብ! ዳጉሳ ከአዲ አርቃይ እናስመጣለን፣ ብቅሉም የዳጉሳ ነው።»

አሸናፊ እጄን ጨበጠኝ። ቄሱ ግን ዋንጫቸውን ትክ ብለው አዩ። «ጠላው... ሁሉም?»

«ሁሉም! ልጄ በገዛ ሰርጓ ስትጾም ልትውል ነው?»

እናም የአሸናፊ ዘመዶች፣ ሰርጋችን ላይ የገብስ ጠላ የለም... ቅር ያለው ካለ፣ እማማ ትርንጎን ደፍሮ ይጠይቅ።