ተስፋፊዋ ጎረቤት

ዶክተር አጥናፉ ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ጦርነትና ሰላምን ነው። ስለ ድንበር ግጭት ጽፏል፤ ስለ ተኩስ አቁም ጽፏል፤ ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ስለሚታረቅበት ባህል መጽሐፍ አሳትሟል። ድንጋይ ግን ተሸክሞ አያውቅም ነበር፤ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እስኪያሸክመው ድረስ።

ነገሩ የመጣው ከሬዲዮ ነው። ጦርነት እንዴት እንደሚጫር ለአድማጭ ሲያስረዳ ምሳሌ አጠረው። «በእኛ ሕንጻ አንዲት ሴት የልብስ ማስጫ ገመዷን በየሳምንቱ ወደ ጎረቤቷ ታስጠጋለች። በሙያው ቋንቋ ይህች ተስፋፊ ኃይል ትባላለች» አለ። ስም አልጠራም። አላስፈለገምም፤ በማግስቱ የሕንጻው ልጆች ወይዘሮ ጣይባን «ተስፋፊዋ መጣች!» እያሉ ተቀበሏት።

ጣይባ የወሎ ሰው ናት፤ ሳሪስ ጨርቅ ትሸጣለች። ድግስ ሲኖር የሕንጻው ሴቶች የሚታዘዙት እሷን ነው። የአጥናፉ ልጅ የየአብስራ ሠርግ ሲቃረብ ሽንኩርት ልትከትፍ ብቅ የምትል አንዲት ሴት እንኳ ጠፋች።

«ሠራተኛ እንቀጥራለን» አለ አጥናፉ።

«በላተኛም ትቀጥራለህ?» አለች ሚስቱ አደሴ። «ሂድና ድንጋይህን ተሸከም!»

አስታራቂው ከታች ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ፣ ጋሽ ሀይረዲን ናቸው። አጥናፉ አንዲት ኮብልስቶን አንስቶ ቢያሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ ለሰፈር ሐሜት ነው የምትሆነው፣ ዶክተር። ያንተ ጥፋት በሬዲዮ የተላለፈ ነው።» የሚኒባስ ጎማ የሚታገድበትን ጥቁር ድንጋይ አመለከቱት።

ጣይባ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አጥናፉ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጋሽ ሀይረዲንን አስከትሎ በሯ ላይ ደርሶ ሲያጎነብስ ላቡ ጫማው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

«በባህላችን ድንጋዩ የሚወክለው...»

«እያስተማሩኝ ነው ወይስ ይቅርታ እየጠየቁኝ?» አለች ጣይባ።

«ይቅርታ።»

«እንግዲያው ይጠብቁኝ፤ ሶላቴን ልስገድ።»

ገባች። እሱ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ተበዳይ ጊዜ መውሰዱ ስለሚያስገኘው ጥቅም አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፎ ነበር፤ አሁን ምዕራፉን ማሳጠር አማረው።

«ለልጅቷ ስል ይቅር ብያለሁ» አለች ስትወጣ። «ጋሽ ሀይረዲን፣ ያውርዱላቸው።»

ድንጋዩ ወረደ። አንገቱ ግን አልቃና አለ።

በማግስቱ ሴቶቹ ከነቢላዋቸው ጎረፉ። በሠርጉ ዕለት አጥናፉ እንዳቀረቀረ እንግዳ ተቀበለ። የሙሽራው ዘመዶች ተደነቁ።

«ይህን ያህል ተምረው፣ እንዲህ ትሑት!»

አደሴ ከጎኑ ቆማለች። «ልማዱ ነው» አለች።