የአባ እንፋሎት አዲስ መርፌ

ጆሮ ያለህ አድምጥ፤ ጆሮ የሌለህ ከጎረቤት ተዋስ! ከዛሬ ጀምሮ የአባ እንፋሎት ፒክአፕ አትፈላም። ፈልታ የተገኘች እንደሆነ ጥፋቱ የዳገቱ ነው። ይህ አዋጅ ከአናጢው ደጃፍ እስከ ዳገቱ አናት ባለው ግዛት ሁሉ የጸና ይሁን!

አዋጁን ያስነገረው ባለፒክአፑ ራሱ ነው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣንለት ግን እኛ ነን። ከአናጢው አልጋና ቁም ሣጥን ጭኖ ዳገቱ ላይ ወዳሉት ሱቆች ሲወጣ፣ ከሰውየው በፊት የሚደርሰው እንፋሎቱ ነበራ! ከዚያች አሮጌ ፒክአፕ ሌላ ርስት የለውም። እሷ ከቆመች ጎጆውም ይቆማል።

መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው የሙቀት መለኪያ እንደ ደህና የቢሮ ሹም ነበር። ቤቱ ከሥሩ እየነደደ «ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር ነው» የሚል ዓይነት። ሞተሩ ተቀቅሎ ሊበስል ሲደርስ እንኳ መርፌው መሃል ላይ ተገትሮ ሰላም ያውጃል። በዚህ ሪፖርት የተነሳ የሞተሩ ክዳን፣ መካኒኮች ቴስታ የሚሉት፣ ሁለት ጊዜ ተጣሞ ሁለት ጊዜ በማሽን ተላጨ። በሁለተኛው ጊዜ ላጪው እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ የሚላጭ ብረት የለውም። ደግማ ከፈላች ወደኔ አታምጣት፤ ቅበራት» አለው።

አባ እንፋሎትም ሹሙን ሽሮ አዲስ ሾመ። ቀይ መርፌ ያለው፣ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ የሚነበብ መለኪያ ገዛ። ገጣሚው የሚስቱ ወንድም ሆነ፤ ሙያው የቤት መብራት መዘርጋት ነው። «ሽቦ ያው ሽቦ ነው» ብሎ ገባበት። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን የውኃ ጎማ መሃሉን ቆረጠና ሙቀት የሚለካውን ብረት አስገባ፤ ግራና ቀኙን በማጥበቂያ ቀለበት አሰረው።

ልብስ ሰፊዋ ሚስት ከበር ላይ ሆና፣ «ደህናውን ጎማ ባትቆርጡትስ?» አለች።

«እህትዬ፣ አንቺ ጨርቅ ስትቆርጪ እኔ መቀስ አስጥዬሽ አውቃለሁ?»

«የኔ ጨርቅ ውኃ አይዝማ!»

ሁለቱ ወንዶች ሳቁ። ሊቃውንት ሲሠሩ ሴት ትናገራለች እንዴ?

ከዚያ ወዲያ ሰውየው መንገዱን ትቶ መርፌውን መንዳት ጀመረ። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት፣ «ሰማንያ ሰባት!» ይላል። ሚስቱ እንኳ በዚያ ዓይን ታይታ አታውቅም።

አንድ ቀን ባለሦስት በር ቁም ሣጥን ጭኖ፣ ሚስቱንም ጎኑ አስቀምጦ ዳገቱን ተያያዘው። መርፌው ዘጠና አምስት አለ። መቶ አለ። መቶ አምስት አለ። ምን ያድርግ? መንገዱ ጠባብ ነው። የእጅ ፍሬኑ ዳገት ላይ አይዝም። ከኋላው የተሰለፉት መኪኖች ጥሩንባቸውን ያስጮሃሉ። ድሮ ሳያውቅ ነበር የሚቃጠለው፤ አሁን እያወቀ መቃጠል ቻለ። ዕድገት ማለት ይኸው ነው! ከሞተሩ ትንሽ ሙቀት ቢቀንስ ብሎ የጋቢናውን ማሞቂያ ከፈተ። ባልና ሚስት በላብ ተጠመቁ፤ መርፌው ግን ወይ ፍንክች።

ድንገት መርፌው መውረድ ያዘ። መቶ፣ ሰማንያ፣ ስልሳ።

«እይው! እይው! ቀዘቀዘች!»

«አንተ፣ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል።»

«የፊተኛው መኪና ፍሬን ነው።»

«ፊታችን መኪና የለም እኮ!»

«አንቺን ልመን ቁጥሩን?» አለና፣ በቁጥሩ ተማምኖ ነዳጅ ረገጠ።

ሞተሩ አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ ከዚያ ከውስጡ ብረት ከብረት ተፋጨና ጸጥ አለ። ፒክአፗ ወደኋላ መንሸራተት ስትጀምር ሚስትየዋ ዘልላ ወርዳ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወሸቀች። እሱም ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። የእንፋሎት ዘር የለም።

«አላልኩሽም? አልፈላችም!» አለ። ድምፁ ግን ሌላ ሰው ያዋሰው ይመስል ነበር።

ተደውሎለት የመጣው የሚስቱ ወንድም የቆረጠውን ጎማ ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው። ባዶ ነው።

«ማሰሪያው ላልቶ ውኃው ሁሉ ፈሷል» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ብረቱ የሚለካው ውኃ ሲነካው ነው። ውኃው ሲያልቅ ንፋሱን ለካ።»

«ታዲያ ቀዘቀዘች ያለኝ?»

«ያኔ ነው እየነደደች የነበረው። መለኪያው አልዋሸም፤ ያገኘውን ነው የተናገረው።»

«አማቼ፣ በአባትህ፣ አልዋሸም አትበለኝ።»

አባ እንፋሎት ሊሞክራት ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ። ደግሞ አዞረ። ቀጭ። ሞተሩ ተጣብቋል። ከእንግዲህ የሚላጭም የሚጠገንም የለም፤ ሦስቱም ያውቁታል። ሚስትየዋ መስኮቱን ተደግፋ፣ «በል ውረድ፤ ዕቃውን እናራግፍ» አለችው። አልወረደም። እንደገና አዞረ።

አንተ አንባቢ፣ በዚያ ዳገት ስትወጣ መንገድ ዘግቶብህ ካገኘኸው መርፌው ስንት ላይ እንደሆነ አትጠይቀው። ወርደህ ከኋላ ግፋለት፤ ለወገብህ ከሳሳህም ቁም ሣጥኑን ባንድ በኩል ያዝላት። እሱም ከከበደህ፣ ቢያንስ ያን ጥሩንባህን…