እምብርቴ የደማ ጊዜ

መጀመሪያ ያየሁት ቀሚሴ ላይ ነው። ኮልፌ ገበያ አጠገብ በተከራየኋት ጠባብ ቤት የሴት ልብስ እሰፋለሁ። አንድ ቀን ከስፌት መኪናው ስነሳ፣ እምብርቴ ላይ ያረፈው ጨርቅ ረጥቧል። ንፍጥ የመሰለ፣ ደም የነካካው ፈሳሽ ነበር።

አላመመኝም። በጨው ውሃ አጠብኩት፣ ጥጥ ደረብኩበትና ሥራዬን ቀጠልኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነው የምኖረው፤ አላገባሁም፣ አልወለድኩም። እምብርቴ ደማ ብዬ የምነግረው ሰው ባስብ ባስብ ማንም አልመጣልኝም።

ቤቴል ባለ አንድ ክሊኒክ ቅባት ሰጡኝ፤ ስመለስም ሌላ ቅባት ሰጡኝ። ወራት አለፉ። ከዚያ ሽንቴም ያንኑ ንፍጥ ይዞ ወረደ፤ ያኔ ፈራሁ። ትልቅ ሆስፒታል ሄጄ ተመረመርኩ፣ ናሙና ተወሰደ።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሳለ አስረዳኝ። ልጅ ማህፀን ውስጥ ሳለ ከእምብርቱ እስከ ሽንት ፊኛው የሚደርስ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ኋላ ይደፈናል። የእኔ በደንብ ሳይደፈን ቀርቶ ካንሰር በቅሎበታል፣ ፊኛዬንም ነክቷል።

"ከመጽሐፍ ውጭ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው" አለኝ።

የጡት ካንሰር ቢሆን ኖሮ ወረፋ ላይ አንዷ "እኔም" ትለኝ ነበር። ይሄን ግን የሚጋራኝ አልነበረም።

ለኦፕራሲዮኑ የሚፈርም ሰው ይዤ እንድመጣ ተነገረኝ። ሦስት ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ ከጎኔ ቅመም የምትሸጠውን ሙስሊም ጎረቤቴን ጠየቅኳት፤ ለዓመታት ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ምንም ሳትጠይቀኝ ሱቋን ዘግታ መጣች። ነርሷ ምኔ እንደሆነች ስትጠይቃት "እህቷ ነኝ" ብላ ፈረመች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከፊኛዬ ከፊሉ ከእነ እምብርቴ ተቆርጦ ወጣ። ስነቃ ጎረቤቴ ወደ ልጆቿ ተመልሳለች። አጠገቤ የተኛችውን ሴት በየቀኑ ብዙ ሰው ይጠይቃታል። ጠያቂዎቿ ሲወጡ እኔንም "እግዜር ይማርሽ" ይሉኛል፤ ያቺን ቃል ከጠዋት ጀምሮ እጠብቃት ነበር።

ካንሰሩ እስካሁን አልተመለሰብኝም። ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ ተማሪዎቹን ሰብስቦ እኔን ያሳያቸዋል። ከበውኝ ይቆሙና እምብርት የሌለው ሆዴን ያያሉ፣ ይጽፋሉ። ባለፈው አንዷ ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ።

"እርስዎስ እንዴት ነዎት?" አለችኝ በቀስታ።

ብዙ የምነግራት ነበረኝ። "ደህና ነኝ" አልኳትና ቀሚሴን ዝቅ አደረግኩ።