እናቴ የፈቀደችውና ያልፈቀደችው

እናቴ ድሬዳዋ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የባቡር ሠራተኛ የነበረው አባቴ ከሞተ ወዲህ አዲስ አበባ እንድትመጣ ብዙ ለመንኳት፤ ብርዱን አልችለውም ብላ እምቢ አለች። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ስኳርም አለባት። አንድ ቀን መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ወደቀች። ደርሳ ያነሳቻት ጎረቤታችን ናት፤ ባለሱቅ ሱማሌ፣ እኔን ከልጆቿ ጋር አብራ ያሳደገች።

በሳምንቱ ሄጄ ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ ገጠምኩ። እናቴ የቆምኩበትን ወንበር ይዛልኝ፣ አንተ ልብህ የሚያርፍ ከሆነ ይሁን አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ መድኃኒቷን ስትውጥ፣ ሬዲዮ ስትከፍት በስልኬ አያታለሁ።

አንድ ከሰዓት ስከፍተው ጎረቤታችን ሻሿን አውልቃ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እናቴ ፀጉሯን ዘይት ትቀባታለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ወዲያው ዘጋሁት። ከሥራ ስወጣ ስንደዋወል ግን አፌ አላረፈም፤ ጎረቤታችን እንዴት ሸብታለች አልኳት።

"ሻሿን አውልቃ አየሃት ማለት ነው?" አለችኝ እናቴ። አሳድጋኝ የለ እንዴ፣ ምን ችግር አለው ብዬ ለመከራከር ሞከርኩ።

"እኔን እይ፣ ፈቅጄልሃለሁ" አለች። "እሷ ግን አልፈቀደችም። እኔን አምና ነው ሻሿን ያወለቀችው።"

እናቴ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። እኔ ብሆን ዝም እላለሁ። እሷ ግን በማግስቱ ሱቅ ድረስ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻት። ጎረቤታችን ተቀየመች፤ ሦስት ቀን እቤት አልመጣችም። እናቴ ሦስቱንም ቀን እየሄደች ሱቋ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ተያይዘው መጡ።

ቅዳሜ ሄጄ ካሜራውን ነቅዬ የግቢውን በር ብቻ እንዲያይ አድርጌ ሰቀልኩት። ለካ እናቴም ካሜራው ከገባ ጀምሮ በሙቀት ሰዓት ወለሉ ላይ ጋደም ማለቷን ትታ ኖሯል። በየቀኑ እያየኋት ይህን ልብ አላልኩም። ከዚያ ሦስታችን ቁጭ ብለን ተስማማን። በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ እናቴ ትደውልልኛለች፤ ካልደወለች ለጎረቤታችን እደውላለሁ። ትርፉን ቁልፍ እናቴ በእጇ ሰጠቻት።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት ስልኩ ሳይመጣ ቀረ። ደወልኩ። ጎረቤታችን ገበያተኞቿን እንደቆሙ ትታ ሮጠች። እናቴን አልጋዋ ላይ በላብ ተጠምቃ አገኘቻት፤ ስኳሯ ወርዶ ነበር። ስኳር በጥብጣ አጠጣቻትና እናቴ ትንሽ ቆይታ ነፍስ ዘራች።

እኔ ስልክ ላይ ሆኜ ቪዲዮውን ክፈቺልኝ፣ ልያት እያልኩ እለምናለሁ።

"ወላሂ አልከፍትም" አለችኝ። "በሌሊት ልብሷ ነው ያለችው። ድምጿን ስማ፣ ይበቃሃል።"

ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። እናቴ በደከመ ድምፅ፣ ቁርስ በልቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ በባጃጅ ሐኪም ቤት ሄዱ፤ ከሰዓት በፊት ቤቷ ተመለሰች። እኔ እንደ ሁለቱ የሚከባበር ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።